በአጎቴ ዌንዙ በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት

አይን ኢል-ባሀር፣ ማልታ
ጃንዋሪ 14 ቀን 2018

ለተወደድከው ለአጎቴ ልጅ ለዛረን፣

ይህች ደብዳቤ አንተን፣ ባለቤትህን ካርሚናንና ልጃችሁን ሮዛንን በሙሉ ጤና ታግኛችሁ። እመቤታችን ከባሕሩም ከየብሱም ክፉ ትሰውራችሁ። እኔ ጉልበቴን ከሚያመኝ በቀር ደህና ነኝ። ባሌ እንድሪ እንዳለ አለ። ጀልባ በአንድ እጁ ይገፋ የነበረውን ሰውዬ ዛሬ በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት በዊልቸር እየገፋሁት እሄዳለሁ። ቀልዱን ግን አልተወም፣ ተመስገን ነው።

ስልክ እንዳልደውል ጆሮህ አይሰማም፤ ሮዛን መሃል ገብታ ስታቀባብለን ደግሞ ወሬው ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ እንደ ድሯችን በብዕር።

ሰፈርህን ዛሬ ብታየው አታውቀውም። ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ባሕሩ ባለችው በእኛ ጠባብ መንገድ ብቻ አምስት ቤት ፈርሶ አምስት ፎቅ እየተሠራ ነው። በየቀኑ በየምሰሶውና በየበሩ ወረቀት ይለጠፋል፤ «ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ቀኑ አስር ሰዓት መኪና ማቆም ክልክል ነው»። ዛሬ ለሲሚንቶ፣ ነገ ለክሬን፣ ከነገ ወዲያ አንዱ ሀብታም ሶፋውን በመስኮት ሊያስገባ። እኛም ወረቀት ባየን ቁጥር መኪናችንን አስነስተን ስንዞር እንውላለን። ማዘጋጃ ቤቱ ለእንድሪ በራችን ፊት ለፊት በሰማያዊ ቀለም የአካል ጉዳተኛ ማቆሚያ ሠርቶልናል። እሱንም ወንበር ካላስቀመጥኩበት ለባሕር ሽርሽር የመጣው ሁሉ ይዘረጋበታል። ባለፈው እሁድ አንዱ ጎረምሳ ወንበሬን ሊያነሳ ሲል «ና፣ ባሌንም አንሳና እዚያ አድርግልኝ!» ብዬ ጮህኩበት። እግሬ አውጪኝ ብሎ ሄደ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። የአባትህ ቤት፣ የአጎቴ የዌንዙ በር፣ አዲስ ጓጉንቸር ተገጥሞበታል። በአዲስ ዓመት ማግስት ሁለት ሰዎች ገብተው ሲለኩ አይቻለሁ። ለማን ነው ቁልፍ የሰጠኸው? ወይስ ሌባ ነው? ግድግዳችን አንድ ስለሆነ ማዶ ድምፅ ስሰማ ሥራዬን ትቼ አዳምጣለሁ። ቶሎ መልስልኝ።

ያዘለችህ እህትህ፣
ጁዲታ

*

ሜልበርን
ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2018

ለክብርት እህቴ ለጁዲታ፣

የእግዚአብሔር ሰላም ቤትሽን ይሙላው። እንድሪን ቅዱስ ሮኮስ ይማርልኝ። ደብዳቤሽ በአስራ ሁለት ቀን ደረሰኝ፤ የዘገየሁት ሙቀቱ አስንፎኝ ነው። እዚህ አርባ ዲግሪ ገብቷል። የተከልኩት ሎሚ ቅጠሉ ረገፈ። ሮዛን ሥራ ቀይራለች። ካርሚና ባለፈው ማርች የአረጋውያን መጦሪያ ገብታለች፤ አልጻፍኩልሽም። አንዳንድ ቀን ታውቀኛለች፣ አንዳንድ ቀን «ፖስተኛው መጣ» ትለኛለች።

ስለ ጓጉንቸሩ ምንም አትጨነቂ። ለጥገና የገቡ ይሆናሉ። ሌባ አይደሉም።

ለመሆኑ አንቺና እንድሪ የምትተኙት አሁንም ፎቅ ላይ ነው? ወይስ እሱ ደረጃ መውጣት አልችል ስላለ ታች ወጥ ቤቱ ውስጥ ነው አልጋ የዘረጋሽለት? እንዲሁ ትዝ ብሎኝ ነው የጠየቅኩሽ። የምትቀመጡት በየትኛው ወገን እንደሆነ ጻፊልኝ።

ለእንድሪ መድኃኒት ትንሽ ነገር በፖስታው ውስጥ አድርጌያለሁ። እንቢ አትበይኝ።

ወንድምሽ፣
ዛረን

*

አይን ኢል-ባሀር
ማርች 4 ቀን 2018

ለወንድሜ ለዛረን፣

እግዚአብሔር ካርሚናን ይመልስልህ። ሆዴ ባባ። ዓመት ሙሉ ይህን ያህል ነገር ብቻህን ስትሸከም ለእኔ ስለ ሎሚ ትጽፋለህ? አይ አንተ! ገንዘቡንም ምን አስቸኮለህ፣ ማን ጠየቀህ? አመሰግናለሁ፤ ግን ከእንግዲህ ለሚስትህ አድርገው።

አዎ፣ እንድሪ የሚተኛው ታች ወጥ ቤት ነው። ምድጃውን ወደ ግቢው በር አውጥቼ በአንተ ወገን ባለው ግድግዳ ሥር አልጋ ዘረጋሁለት። ቀን ቀንም እዚያው ተቀምጦ ሬዲዮ ይሰማል።

አሁን ጉዱን ልንገርህ። የአባትህን ቤት እያፈረሱት ነው!

ስማኝማ። ባለፈው ሴፕቴምበር በአባትህ በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ ነበር፣ በላስቲክ የተሸፈነ። ወር ሙሉ ቆይቷል። መንገዱ ሁሉ አይቶታል። እኔ ራሴ መነጽሬን አድርጌ ሰዓቱን ፈለግኩ፤ ከስንት እስከ ስንት መኪና እንደማይቆም። ሰዓት የለውም። «ከሌለው ቀኑን ሙሉ ነው ማለት ነው» አለ ስፒሩ፣ የማዶው ጎረቤታችን፤ ያ በሰፈሩ ሁሉ ጉዳይ አዋቂ ነኝ ባይ። ታዲያ ምን አደረግን? መኪናችንን በሙሉ አስነስተን ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ወሰድን! ወር ሙሉ እንድሪን በዚያ አቀበት ስገፋ አንጀቴ ተቆረጠ። ለካ ወረቀቱ የግንባታ ማመልከቻ ኖሯል። ስድስት ፎቅ፣ ከመሬት በታች ደግሞ ሁለት ፎቅ ጋራዥ። የተቃወመ በሠላሳ ቀን ውስጥ ይጻፍ ይላል። ሠላሳው ቀን ያለቀው እኛ መኪና ስናዞር ነው። ከመንገዱ አንድ ሰው እንኳ አልጻፈም።

ማዘጋጃ ቤት ሄጄ አለቀስኩ። ጸሐፊዋ «እትዬ፣ ወረቀቱን አላነበባችሁትም እንዴ?» አለችኝ።

ግንበኛው ፍሬዱ የሚሉት ሰው ነው። አንዲት መሐንዲስ ይዞ መጥቶ ቤታችንን ክፍል በክፍል ፎቶ አስነሳ። «የእኔን ቤት ለምን?» ብላቸው «የድሮውን ስንጥቅ ኋላ የእኛ ነው እንዳትሉ» አሉኝ። ከፋሲካ በኋላ በእኛ ግድግዳ ጥግ ስምንት ሜትር ወደ ታች ይቆፍራሉ። በሞቴ ዛረን፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አይበላልኝም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። አንተ ሳታውቅ ነው የሸጡብህ። የአንድ ሰው እጅ አለበት፤ ፊርማህን አስመስለው ይሆናል። እኔ ዝም አልልም። የስፒሩ የእህት ልጅ ጠበቃ ናት። «ቤቴን አልሸጥኩም» የሚል ወረቀት ፈርመህ ላክልኝ፤ ሥራውን በእገዳ አስቆመዋለሁ። ያጠቡህ እጆች ዛሬም አልደከሙም።

ጁዲታ

*

ሜልበርን
ማርች 25 ቀን 2018

ጁዲታ እህቴ፣ ሰላምሽ ይብዛ።

ጠበቃ አትያዢ። እባክሽን። ነገሩ ይወሳሰባል።

የእንድሪን አልጋ ከዚያ ግድግዳ አንሺው። ከወጥ ቤቱ አውጪው፤ ወደ መንገዱ በኩል ወዳለው ክፍል አምጪው። እንዲያውም ቁፋሮው እስኪያልቅ ጎዞ ደሴት ወንድሙ ጋ ሂዱ። የጀልባውንም የቤቱንም ወጪ እኔ እችላለሁ። ለምን አትበይኝ። አሸዋው፣ አቧራው፣ ጩኸቱ ለታመመ ሰው አይሆንም።

እኔም ትንሽ አሞኛል። ይቅርታ፣ አሳጠርኩብሽ።

ዛረን

*

አይን ኢል-ባሀር
ኤፕሪል 29 ቀን 2018

ለዛረን፣

ምሕረቱን ያውርድልህ፤ ምንህን ነው ያመመህ? ወረቀቱን ግን አልላክህልኝም።

ጎዞ ሂዱ አልከኝ። እንዴት አድርጌ? የእንድሪ የኩላሊት ማሽን ያለው እዚህ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን በጀልባ ላመላልሰው? አንዴ ቢያመልጠን ሳንባው ውኃ ይሞላል። ሰማያዊው ማቆሚያ ደግሞ የተሰጠን እዚህ ስለምንኖር ነው፤ ቤቱን ለቀን ሄድን ማለት መስመሩን መጥተው ይፍቁታል፣ እንደገና ለማግኘት ሁለት ዓመት ነው። አልጋውን ወደ ፊተኛው ክፍል ላዞር ሞከርኩ፤ ዊልቸሩ ከመተላለፊያው በክፍሉ ጠባብ በር አያልፍም። ስለዚህ እዚያው ወጥ ቤት ነን።

ማቆሚያውንም ቢሆን ወስደውታል። ለጭነት መኪናው ሲባል የአንድ ወር ፈቃድ ለጠፉበት። አሁን ወረቀት ሁሉ እስከ መጨረሻው መስመር አነባለሁ፤ ምን ይጠቅማል!

ቁፋሮው ከጀመረ ሦስት ሳምንት ሆነው። ድንጋይ ሰባሪው ሲመታ ሳህኖቹ በቁም ሳጥኑ ውስጥ ይራመዳሉ። የእመቤታችን ሐውልት ራሷ ዞራ ፊቷን ወደ ግድግዳ አደረገች። እንድሪ «እሷም ማየት አቅቷት ነው» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ከመስኮቱ እስከ ወለሉ ስንጥቅ ወርዷል። ስፒሩ ስስ መስታወት ቆርጦ በጀሶ ስንጥቁ ላይ ለጠፈልን፤ ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ መስታወቱ ይሰበራል፣ እናንተም ትወጣላችሁ አለን። ሐሙስ ዕለት አንደኛው ሲሰበር ሰማሁት። ተቆጣጣሪ ጠራሁ። መጣ፣ በእጁ ዳሰሰ፣ «የቀለሙ ነው» ብሎ ሄደ። ስፒሩ ሌላ መስታወት ለጠፈ። እሱም አርብ ተሰበረ።

ፍራቻ እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር። ሻይ አፈላለሁ፣ ጆሮዬ ግን ግድግዳው ላይ ነው። እንድሪ ተኝቶ ሳለ ትንፋሹን እቆጥራለሁ። ለማሽኑ ወጥተን ስንመለስ ቤቱ ቆሞ ካየሁት ማማተብ ነው። ደሞ ገብቼ መልሼ መፍራት።

ትናንት ፍሬዱን መንገድ ላይ ይዤ «የሰው ቤት ሰርቀህ የእኔን ታፈርሳለህ!» አልኩት፣ ሰው እየሰማ። አልተቆጣም። ከመኪናው ወረቀት አወጣና «እትዬ፣ ሌባ ከማለትሽ በፊት ይችን እይ» አለኝ። ውሉ ነው። ከታች ፊርማ አለ። የመጀመሪያው ፊደል ጭራው ወደ ታች ተጠምዝዞ እንደገና ይወጣል። ያን ፊርማ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እጅህን ይዤ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ።

ስፒሩ ደግፎ አስገባኝ።

ውሸት ነው በለኝ። አስመስለውብኝ ነው በለኝ፣ አምንሃለሁ።

ጁዲታ

*

ሜልበርን
ሜይ 9 ቀን 2018
በአደራ ደብዳቤ

ጁዲታ እህቴ፣

ውሸት አይደለም። የፈረምኩት እኔ ነኝ። የካርሚናን መጦሪያ የምከፍልበት አጣሁ፤ ቤቱ ባዶውን ተቀምጧል ብዬ ሸጥኩት። ሁለት ፎቅ ብቻ ነው የምንሠራው አሉኝ። ለእያንዳንዱ አዲስ ቤት የመኪና ማቆሚያ ካላበጁ ፈቃድ እንደማይሰጥና ለዚያ ሲሉ መሬቱን እንደሚቆፍሩ ማን ነገረኝ? ኋላ ስሰማ ግን ዝም አልኩ።

ከሁሉ የከፋውን አሁን ስሚ። ይህን አንብበሽ እንደጨረስሽ ቤቱን ለቀሽ ውጪ። ነገ አትበይ።

ከእንድሪ አልጋ ሥር ባዶ ነው። አባቴና አባትሽ ተጣልተው በነበሩበት ዘመን፣ በዚያ ድርቅ ጊዜ፣ የእኛ ግቢ የዝናብ ውኃ ጉድጓድ አልበቃን አለ። አባቴ ከጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ወደ እናንተ ወገን በድብቅ አሰፋው። በቅዱስ ሮኮስ በዓል ሳምንት ነበር። ርችቱ ሲፈነዳ ጠብቆ በመዶሻ ይመታል፣ ማንም አይሰማም። እኔ የአስራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ፍርስራሹን በባልዲ አውጥቼ ባሕር የደፋሁት እኔ ነኝ። ሦስት በዓል ሙሉ። በሦስተኛው ዓመት ፋኖስ ይዤ ስገባ የአባትሽ ወንበር ወለሉ ላይ ሲንቋቋ ከራሴ በላይ ሰማሁት። ከወለላችሁ እስከ ባዶው ያለው ድንጋይ ከአንድ ክንድ አይበልጥም። አባቴ «ተናግረህ ምላስህን ነው የምቆርጠው» አለኝ። አልተናገርኩም። እሱ ከሞተም በኋላ አልተናገርኩም።

ውሉ ላይ «ከመሬቱ ሥርም ሆነ በአዋሳኙ ባዶ ቦታ የለም» የሚል አለ። ፈርሜያለሁ። እውነቱን ብናገር ሽያጩ ይፈርሳል፣ ገንዘቡ ደግሞ ለካርሚና ገብቷል። ያ የቁፋሮ ማሽን ከጎን ሲመጣ ድንጋዩ አይችለውም።

ለሮዛን ነግሬ በስልክ ላስደውልልሽ ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። አባቷ ማን እንደሆነ ልታውቅ ነው። አፈርኩ። ስለዚህ በአደራ ላክሁት፤ ፈርመሽ ስለምትቀበይ እንደደረሰሽ አውቃለሁ።

ውጪ፣ ጁዲታ። በእመቤታችን፣ ውጪ። ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን እርግማን እርገሚኝ።

ዛረን

*

አይን ኢል-ባሀር፣ ስፒሩ ቤት
ጁን 3 ቀን 2018

ዛረን፣

ደህና ነህ ወይ አልልህም፤ እኔም ደህና ነኝ አልልህም።

እንድሪ ሞቷል። ሮዛን ከማልታ ሬዲዮ ሰምታ ነግራህ ይሆናል። ሜይ 26፣ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ። ማሽን የማይሄድበት ቀን ስለነበር ቁርሱን በልቶ ዊልቸሩ ላይ እንዳለ ሬዲዮ ይሰማ ነበር። ጭነት መኪናው ፈቃዱ አልፎበትም ማቆሚያችን ላይ ቆሞ አየሁና ወጣሁ። ወረቀቱን በጣቴ እያሳየሁ ከሹፌሩ ጋር ተጨቃጨቅኩ። «ቀኑ አልፏል፣ አንብብ!» እያልኩት ነበር። እሱም «እትዬ፣ አምስት ደቂቃ» ይለኛል። ያን ጊዜ ከኋላዬ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ብዙ አልነበረም፣ ከባድ ሳጥን ምድር ላይ እንደሚጥሉት። ዞርኩ። የፊቱ ግድግዳ ቆሟል፣ በሩ ቆሟል። በሩን ከፈትኩ። ወጥ ቤቱ የለም። አቧራ ነው፣ ከአቧራው ሥር ደግሞ ጥቁር ውኃ። ሬዲዮው ከታች እየተናገረ ነበር።

በገመድ ወርደው ሲያወጡት አስር ሰዓት ሆነ። ሙሉ ቀን ስሙን ጠራሁ። ስፒሩ አፌን ሊይዘኝ ሞከረ፤ ነከስኩት።

ፍሬዱን አስረውታል። ስለ ጉድጓዱ ማንም አልነገረኝም ብሎ ይምላል። እኔ ብቻ ነኝ እውነቱን እንደሚናገር የማውቀው።

አሁን የምነግርህን ለስፒሩም አልነገርኩም።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ሜይ 21 ሰኞ ነው። ፖስተኛው ደረሰኙን ዘረጋልኝ፣ ፈረምኩ። ፖስታው ላይ ያንተን ጽሕፈት አየሁ። ውሸት ነው በለኝ ብዬህ ነበራ። ካልከፈትኩት ውሸት ሊሆን ይችላል። ከከፈትኩት ግን ያ በጀርባዬ ያደገ ልጅ እንደሸጠኝ ላውቅ ነው። ከቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጥኩት። ማክሰኞ አየሁት፣ አለፍኩት። ረቡዕ ከእጥበት ስንመለስ እንድሪ «ምነው አትከፍቺውም?» አለኝ። «ኋላ» አልኩት። ሐሙስ ኋላ፣ አርብ ኋላ። አርብ ማታ «ፈሪ ነሽ እኮ አንቺ» ብሎ ቀለደብኝ። እውነቱን ነው። ቁም ሳጥኑ የፊተኛው ክፍል ነበር፤ አልወደቀም። እሁድ ዕለት የእሳት አደጋ ሰዎች ልብሴንና ወረቀቴን ሲያወጡልኝ አብሮ ወጣ። የዚያን ጊዜ ከፈትኩት።

«ውጪ» ትላለህ። አምስት ቀን ሙሉ ከባሌ ራስ ሦስት እርምጃ ላይ «ውጪ» እያልክ ተቀምጠህ ነበር።

እስከ ትናንት አንተን ብቻ ስረግም ነው የሰነበትኩት። በሮዛን ስልክ አንዲት ደቂቃ ነበር! ከልጅህ ፊት አፈርክና የእኔን ባል ቀበርክ። ይህን እስክሞት አልረሳልህም። ግን ስረግምህ ስረግምህ ቆይቼ ፀጥ ስል፣ እነዚያ አምስት ቀኖች የማን ናቸው እላለሁ። መልሱን አውቀዋለሁ።

መርማሪው ዳኛ ማክሰኞ ጠርተውኛል። ከወለሉ ሥር ባዶ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ነበር ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ደብዳቤህን አቀርባለሁ። ከእሱ ጋር የፖስታውን ደረሰኝ አቀርባለሁ፤ ቀኑም ፊርማዬም እላዩ ላይ አለ። አንተን መቼ አወቅህ ይሉሃል። እኔን መቼ ደረሰሽ ይሉኛል። ሁለታችንም እንመልሳለን።

ለካርሚና እግዚአብሔር ምሕረቱን ያውርድላት። ለአንተም ልጸልይልህ ትናንት ተንበርክኬ ነበር፤ ስምህ ላይ ስደርስ አልወጣ አለኝ፣ ተነሳሁ።

ጁዲታ